«አልተሰማም» እና «አልሰማሁም»፤ የአማተር ራዲዮ ዘገባና የአዮኖስፌር ጥናት ቃላት ሲመረመሩ

ስለ አዮኖስፌር በአማርኛ የሚጽፍ ወይም የሚተረጕም ሰው አስቀድሞ የሚጨነቀው ለታላላቆቹ ስያሜዎች ነው። «አዮኖስፌር»ን እንዳለ ይውሰደው ወይስ ከግእዝ ሥር ቃል ያውጣለት፤ «ኤሌክትሮን»ንስ ምን ይበለው፤ ይህን ሲያወጣና ሲያወርድ ይውላል። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ግን ጭንቀቱ ቦታውን ስቷል የሚል ነው። ታላላቆቹ ስያሜዎች ባዕድነታቸው ፊት ለፊት ስለሚታይ አንባቢ በጥንቃቄ ይቀርባቸዋል፤ ካላወቃቸውም ይጠይቃል። ስሕተት ሾልኮ የሚገባው በታወቁት ቃላት በኩል ነው፤ ይኸውም «አማተር»፣ «ሪፖርት»፣ «ሥርጭት»፣ «ተሰማ» እና «አልተሰማም» በሚሉት። እነዚህን ሁሉም ያውቃቸዋል፤ ስለዚህም ማንም ቆም ብሎ አይመረምራቸውም።

ነገሩ ላልተለመደው አንባቢ ጉዳዩን ባጭሩ እናስቀምጥ። ከምድር ገጽ 60 ኪሎ ሜትር ግድም ከፍ ብሎ በሚጀምረው ስስ አየር ላይ የፀሐይ ጨረር ሲያርፍ ከአቶሞቹ ኤሌክትሮኖችን ያላቅቃል። እነዚህ የተላቀቁ ኤሌክትሮኖች በብዛት የሚገኙበት የከባቢ አየር ክፍል አዮኖስፌር ይባላል። አጭር ሞገድ ወደዚያ ሲደርስ በጥቂት በጥቂቱ እየታጠፈ ወደ ምድር ይመለሳል። ጎንደር ላይ የተቀመጠ ሰው ከተራራውም ከባሕሩም ማዶ የሚነገረውን በቀላል መቀበያ የሚሰማው በዚህ ምክንያት ነው። ነገሩ በተገላቢጦሽም ይሠራል፤ የተሰማው ድምፅ የመጣበትን መንገድ ይመሰክራል። ከየት እንደ ተላከ፣ በየትኛው ሞገድ፣ በስንት ሰዓትና በምን ያህል ጥንካሬ እንደ ተሰማ ከታወቀ፣ በመካከል ያለው ሰማይ በዚያች ሰዓት ምን ይመስል እንደ ነበር መገመት ይቻላል። የአንድ ሰሚ ቃል ብቻውን ደካማ ነው፤ ሺህና መቶ ሺህ ሲሆን ግን መለኪያ መሣሪያ ይሆናል።

ጥናቱ ለጎንደርና ለሰሜኑ ደጋ የሩቅ ወሬ አይደለም። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ ኢትዮጵያን አቋርጦ ያልፋል፤ ጎንደርም ከእርሱ በጥቂት ዲግሪ ወደ ሰሜን ትገኛለች። በዚህ ወገብ ላይ ከ100 ኪሎ ሜትር ጥቂት ከፍ ብሎ ቀን ቀን ወደ ምሥራቅ የሚፈስ ብርቱ የኤሌክትሪክ ጅረት አለ። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላም ከዚያ በላይ ባለው ንብር ውስጥ ኤሌክትሮን የጎደለባቸው ክፍተቶች እየተፈጠሩ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ የራዲዮንና የሳተላይትን ምልክት ያውካሉ። እ.ኤ.አ. በ1957 እና በ1958 ከተካሄደው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ጋር ተያይዞ አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው የመግነጢስ መመዝገቢያ ጣቢያ፣ ኋላም በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የተተከለው ራዳር ይህን የሰማይ ክፍል ለመከታተል የዋሉ ናቸው። ይሁንና እንዲህ ያሉ ጣቢያዎች በአህጉሩ ጥቂት ናቸው። በጣቢያና በጣቢያ መካከል የሚቀረውን ሰፊ ክፍተት ሊሞላ የሚችለው ሰሚ ሰው ነው። ስለዚህ ሰሚውንና ቃሉን በምን ስም እንደምንጠራ መመርመር የቃላት ጨዋታ አይሆንም።

ሀ. «አማተር» ማለት ጀማሪ ነውን?

«አማተር» ወደ አማርኛ በብዛት የገባው በኪነትና በስፖርት በር ነው። «አማተር የቲያትር ቡድን» ሲባል ደመወዝ የሌለው፣ ገና በመማር ላይ ያለ፣ ነገ ባለሙያ ሊሆን የሚችል ማለት ነው። ከዚያ ትርጕሙ እየተንሸራተተ «ጀማሪ» ወደሚለው ደረሰ፤ ሥራው ጐድሎ የተገኘ ሰውም «ይህማ የአማተር ሥራ ነው» ይባላል። ተርጓሚው ይህን ትርጕም ሳያርም «የአማተሮች ሪፖርት ለሳይንስ ጠቀመ» ብሎ ቢጽፍ፣ አንባቢው የሚረዳው ጀማሪዎች ለሊቃውንቱ እንጨት ሰብረው ውኃ እንደ ቀዱላቸው ነው።

ቃሉ በመነሻው «መውደድ» ከሚለው የላቲን ግሥ የወጣ ነው። በራዲዮ ሕግ ደግሞ አማተር ማለት ችሎታው ተረጋግጦ ፈቃድና የጥሪ ምልክት የተሰጠው፣ ለገንዘብ ሳይሆን ለዕውቀትና ለደስታ የሚሠራ ሰው ነው። ተቃራኒው «ባለደመወዝ» እንጂ «ባለሙያ» አይደለም። ታሪኩም ይህንኑ ያስረዳል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1912 ባወጣችው ሕግ አማተሮች 200 ሜትርና ከዚያ ወዳጠረው ሞገድ ተገፉ፤ ይህ ሞገድ ለሩቅ መልእክት አይረባም ተብሎ ይታመን ስለ ነበር ነው። በዲሴምበር 1921 የአሜሪካ አማተሮች የላኩት ምልክት ስኮትላንድ ላይ ተሰማ። በኖቬምበር 1923 ደግሞ የፈረንሳይና የአሜሪካ አማተሮች 100 ሜትር በሚያህል ሞገድ ውቅያኖሱን ተሻግረው እርስ በርስ ተነጋገሩ። አይረባም ተብሎ የተጣለላቸው ሞገድ ውሎ አድሮ የዓለም የሩቅ መገናኛ ሆነ።

ለእኛ የሚቀርበው ምሳሌ ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 የሜክሲኮና የአርጀንቲና አማተሮች በ50 ሜጋ ኸርትዝ ተገናኙ። በጊዜው በነበረው ግምት እንዲህ ያለው ሞገድ ያን ያህል ርቀት መጓዝ አይገባውም ነበር። ምክንያቱ ቀስ በቀስ ሲመረመር፣ ከመግነጢሳዊው ወገብ በሰሜንም በደቡብም ኤሌክትሮን በብዛት ከሚከማችባቸው ሁለት ዘርፎች ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኘ። ይህ ከኢትዮጵያ በላይ ያለው ሰማይ ዋነኛ ጠባይ ነው። ነገሩን አስቀድመው የሰሙትም አማተሮች ናቸው።

በአገራችን ታሪክም ቃሉ ባለቤት አለው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ያኔ በኢትዮጵያ አስተዳደር ሥር በነበረችው አስመራ፣ በአሜሪካ ጦር የቃኘው ጣቢያ ውስጥ «ኢ ቲ 2 ዩ ኤስ» የሚል የጥሪ ምልክት የነበረው አማተር ጣቢያ ይሠራ ነበር። የኢትዮጵያ አማተር ራዲዮ ማኅበርም በአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ውስጥ «ኢ ቲ 3 ኤ ኤ» በሚል ምልክት የሚጠራ ጣቢያ አቋቁሟል። እ.ኤ.አ. በ1993 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ከተቀበሉት አንዱ የሆኑት ጆሴፍ ቴይለር ራሳቸው ራዲዮ አማተር ናቸው፤ በ2008 ለአማተሮች ያበረከቱትን የመመርመሪያ ዘዴ ከዚህ በታች እናነሣዋለን። እንዲህ ያለውን ሰው «ጀማሪ» ማለት አይቻልም።

ታዲያ ምን እንበል? «ፈቃደኛ» የሚለው ያልተከፈለውን ያመለክታል፤ የተሰጠውን ፈቃድ ግን ይሸፍናል። «ወዶ ገብ» የጦር ሠፈር ሽታ አለው። በግእዝ ልማድ «መፍቀሬ ጥበብ» እንደሚባለው «መፍቀሬ ራዲዮ» ቢባል ከቃሉ ሥር ጋር ፍጹም ይስማማል፤ ቅኔ ያደመጠ ጆሮም ይወደዋል። ነገር ግን በደንብና በማመልከቻ ላይ ሊውል አይችልም። ስለዚህ «አማተር»ን እንዳለ መያዝ፣ በመጀመሪያ በሚገባበት ቦታ ግን «ባለፈቃድ የራዲዮ አማተር» ብሎ መጻፍ ይበቃል። «ባለፈቃድ» የምትለው አንዲት ቅጽል ከኪነት ቡድን ወደ ራዲዮ ሕግ ታሸጋግረዋለች። «መፍቀሬ ራዲዮ»ም ለሥነ ጽሑፋዊ አገልግሎት ትቆየን።

ለ. ሪፖርት፣ ዘገባ፣ ምስክርነት

«ሪፖርት» በአማርኛ የቢሮ ቃል ነው። ከታች ወደ ላይ ይሄዳል፤ ይቀርባል፣ ይጠናቀራል፣ ይደመጣል። አቅራቢው ለሰሚው እንዲጥም አድርጎ ማዘጋጀቱም የታወቀ ነው። የራዲዮ ሰሚ ቃል ግን ወደ አለቃ አይወጣም፤ ከእኩያ ወደ እኩያ ይሄዳል። ዋጋውም በመጣሙ ሳይሆን በመመዝገቡ ነው።

«ዘገባ» ለዚህ የተሻለ ነው የምንለው ከሥሩ በመነሣት ነው። በግእዝ «ዘገበ» ማለት ሰበሰበ፣ አከማቸ ማለት ነው፤ «መዝገብ»ም የሚከማችበት ስፍራ ነው። «መዝገበ ቃላት» ስንልም የቃላት ጎተራ ማለታችን ነው። የአማተር ዘገባ ጥቅሙ እንደ ጎተራ እህል ሲከማች ነው። አንዱ ፍሬ አያጠግብም፤ ጎተራው ግን አገር ይመግባል። የዛሬው ጋዜጠኛ «ዘገባ»ን ለዜና ቢያውለውም ሥሩ አልሞተምና መልሶ ማቅናት አያስቸግርም።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አማተሮች ሲገናኙ የሚለዋወጡት ቁጥር አለ። የንግግሩ ግልጽነት ከ1 እስከ 5፣ ጥንካሬው ከ1 እስከ 9፣ በሞርስ ሲሆንም የድምፁ ጥራት ከ1 እስከ 9 ይሰጣል። ይሁን እንጂ በውድድር ጊዜ ሁሉም ለሁሉም «5፣ 9» ወይም «5፣ 9፣ 9» ማለት ልማድ ሆኗል። ይህ «እንደምን አደርክ» ሲባል «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና» እንደ ማለት ነው፤ ታሞ ያደረውም እንዲሁ ይመልሳል። ተርጓሚ ይህን ቁጥር «የተለካ የምልክት ጥንካሬ» ብሎ ቢያስገባው ሰላምታውን ከሐኪም ምርመራ ጋር አንድ ማድረጉ ነው። በሌላ በኩል ቴይለር በ2008 ለአማተሮች ያቀረቡት ዘዴ በትንሽ ኀይል ለሁለት ደቂቃ ያህል የሚላክ ምልክት ይጠቀማል። ተቀባዩ ኮምፒዩተር ምልክቱ ከጫጫታው ምን ያህል እንደሚያንስ ወይም እንደሚበልጥ ለክቶ ይመዘግባል። በዚህ ዘገባ ውስጥ ያለው ቁጥር መለኪያ ነው። ስለዚህ ሁለቱን «የሰላምታ ቁጥር» እና «የልክ ቁጥር» ብለን እንድንለያቸው እንመክራለን። የሰላምታ ቁጥር ያለበት ዘገባም ቢሆን አይጣልም፤ ቁጥሩ ባይታመንም እነዚህ ሁለት ጣቢያዎች በዚያች ሰዓት በዚያ ሞገድ መሰማማታቸው እውነት ሆኖ ይኖራልና።

«ምስክርነት» የሚለው ቃልም ይስባል፤ በሕግ ቋንቋችን ዐዋቂ አድራጊውን አስቀድሞ ይጠይቃል። «የሰሚ ሰሚ» ለዳኛ እንደማይበቃ ሁሉ ለአዮኖስፌር ጥናትም አይበቃም። እንዲያውም አንዳንድ ጊዜ ብዙ ሰሚዎችን ሰብስቦ እውነት ማውጣትን ከአገራችን አውጫጭኝ ጋር ለማነጻጸር ይቃጣል፤ ሕዝቡ አንድ ቦታ ተሰብስቦ ያየውንና የሰማውን እየተናገረ ሌባው ይገኝ ነበርና። ንጽጽሩ ለማስረዳት ቢጠቅምም ለስያሜ አይሆንም። አውጫጭኝ ግዴታ ነበር፤ ነገሩ ሳይወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። በግዴታ የሚነገር ቃልም ወደ ተፈለገው ያዘነብላል። የአማተር ዘገባ የሚታመነው ስለ ምን እንደሚያገለግል ሳያውቅ ጭምር በፈቃዱ የጻፈው ስለሆነ ነው።

ሐ. «አልተሰማም» የሚለው ግሥ

የሂሳችን እምብርት ይህ ነው። የዓለም የአማተር ዘገባ ካርታ ሲታይ አውሮፓ፣ ሰሜን አሜሪካና ጃፓን በነጥብ ተሸፍነዋል፤ የአፍሪካ አብዛኛው ክፍል ባዶ ነው። ባዶው ምን ይላል? ሞገድ አልደረሰም ይላልን? አይደለም፤ የሰማ ሰው የለም ይላል። በአማርኛ ግን ሁለቱም በአንድ ግሥ ይነገራሉ፤ «አልተሰማም»።

ተገብሮ ግሥ አድራጊውን መደበቁ የታወቀ ነው። «ሳህኑ ተሰበረ» ስንል ማን እንደ ሰበረው አንናገርም። በዕለት ንግግር ይህ ጨዋነት ነው፤ በመዝገብ ላይ ግን ጉድለት ነው። «ምልክቱ ጎንደር ላይ አልተሰማም» የሚለው ዐረፍተ ነገር ቢያንስ ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል። ሰው ተቀምጦ አዳምጦ ምንም አላገኘም፤ ሰው ነበረ፣ ግን በዚያ ሰዓት አላዳመጠም፤ ወይም ከነጭራሹ ሰው አልነበረም። የመጀመሪያው ማስረጃ ነው፤ ሰማዩ በዚያ ሰዓት ያን ሞገድ አላሳለፈም ወይም አዳክሞታል ያሰኛል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ስለ ሰማይ ምንም አይናገሩም። አንዱ ግሥ ሦስቱን ሲያቀላቅል ያልተጠየቀ ምስክር «አላየሁም» እንዳለ ተቆጥሮ ይፈረድበታል።

የአማርኛ ሀብት እዚህ ላይ ይረዳናል። «መስማት» እና «ማዳመጥ» ሁለት ናቸው፤ ማዳመጥ ሐሳብ አለበት፣ መስማት ውጤት ነው። በተጨማሪም «ሰማሁ» እና «ተሰማኝ» ይለያያሉ፤ «ተሰማኝ» ወደ ስሜትና ወደ መሰለኝ ያዘነብላልና ለመዝገብ አይሆንም። ስለዚህ የዘገባው ግሥ ከሦስት አንዱ ይሁን፤ «ሰማሁ»፣ «አዳምጬ አልሰማሁም»፣ «አላዳመጥሁም»። ከእንግሊዝኛ የሚተረጕመው ሰውም «ዘገባ የለም» የሚለውን «አልተሰማም» ብሎ ከመመለስ ይቆጠብ፤ «የዘገበ የለም» ይበል። ልዩነቱ የአንድ ፊደል ያህል ቢመስልም አንድን አህጉር ከድምፅ አልባነት ወደ ያልተጠየቀ ምስክርነት ያወጣዋል።

ነገሩ በተጨባጭ ሲታይ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በኦገስት 21 ቀን 2017 ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ አሜሪካን ሲያቋርጥ «ሃምሳይ» የተባለው የአማተሮችና የተመራማሪዎች ኅብረት የዘገባ መረቦችን ተጠቅሞ ሰማዩን ተከታተለ። ጥላው ሲያልፍ የ14 ሜጋ ኸርትዝ ግንኙነት ቀነሰ፤ በዝቅተኞቹ ሞገዶች ግን ቀን በቀን የማይጠበቅ ግንኙነት ተከፈተ። ይህን ማለት የተቻለው ከግርዶሹ በፊት፣ በግርዶሹ ጊዜና ከግርዶሹ በኋላ ብዙ ሰሚዎች ሳያቋርጡ በማዳመጣቸው ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ጠዋት የቀለበት ግርዶሽ በላሊበላ ላይ ሲያልፍ የጎንደርም ፀሐይ አብዛኛው ተሸፍኖ ነበር። በዚያ ጠዋት ደባርቅ ላይ በየ10 ደቂቃው «ሰማሁ» ወይም «አዳምጬ አልሰማሁም» ብሎ የጻፈ ሰው ቢኖር፣ ሁለተኛው ቃሉ ከመጀመሪያው ባልተናነሰ ይፈለግ ነበር። «አልተሰማም» ብሎ ቢጽፍ ግን ደብተሩ ለጥናት አይበቃም።

መ. ቦታና ሰዓት

«በጎንደር» ስንል የት ማለታችን ነው? አማተሮች እ.ኤ.አ. በ1980 እንግሊዝ አገር በሜይድንሄድ ከተማ የተስማሙበት የቦታ ምልክት አለ፤ ምድርን በፊደልና በቁጥር ይከፋፍላል። ጎንደር ከተማ «ኬ ኬ 82»፣ ደባርቅ «ኬ ኬ 83»፣ ራስ ዳሽን «ኬ ኬ 93»፣ አዲስ አበባ «ኬ ጄ 99» ላይ ይወድቃሉ። ፊደሎቹ ስም ናቸውና በ«ሀ፣ ለ፣ ሐ» አይተኩም። የዚህ ምልክት ጥቅም አስተዳደር ሲለዋወጥ አለመለዋወጡ ነው። «ሰሜን ጎንደር» ቀድሞ ከጎንደር ከተማ እስከ መተማ የሚያጠቃልል ዞን ነበረ፤ በ2010 ዓ.ም. ገደማ ለሦስት ከተከፈለ ወዲህ ማእከሉ ደባርቅ የሆነው ክፍል ብቻ መጠሪያ ሆኗል። ሁለት ዘገባዎች «ሰሜን ጎንደር» ቢሉ ስለ አንድ ቦታ ላይናገሩ ይችላሉ።

ሌላም ወጥመድ አለ። ጎንደር ላይ የተሰማ ምልክት የሚመሰክረው ከጎንደር በላይ ስላለው ሰማይ ላይሆን ይችላል። ከአዲስ አበባ ተልኮ ጎንደር ላይ የተሰማ ሞገድ 420 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው መንገድ ላይ አንድ ጊዜ ታጥፎ ቢመጣ፣ የታጠፈው መሐል ለመሐል፣ ከሞጣ ደቡብ ምሥራቅ በምሥራቅ ጎጃም ሰማይ ላይ ነው። «የጎንደር አዮኖስፌር» ብሎ የሚተረጕም ሰው ምስክሩን ከተመሰከረበት ነገር ጋር አምታታ። «ጎንደር ላይ የተሰማ» እና «ከጎንደር በላይ የታጠፈ» ተለይተው ይጻፉ።

ሰዓትን በተመለከተ ችግሩ ይከብዳል። የአማተር ዘገባ የሚጻፈው በዓለም አቀፍ ሰዓት ነው። «ከጠዋቱ 1 ሰዓት» የሚለው በዚያ አቈጣጠር 4 ሰዓት ነው፤ «ከሌሊቱ 8 ሰዓት» የሚለው ደግሞ 23 ሰዓት ይሆናል፤ ቀኑም ያለፈው ቀን ነው። የዘመን አቈጣጠሩ ሲጨመርበት አንድ ዘገባ በሰዓትም፣ በቀንም፣ በዓመትም ሊስት ይችላል።

ነገር ግን የአገራችንን ሰዓት ከመዝገቡ ማባረርም ትክክል አይደለም። አዮኖስፌር የሚኖረው በፀሐይ ነው። የታችኛው የዲ ንብር ቀን አጭር ሞገድን እየዋጠ ውሎ ፀሐይ ስትጠልቅ ይከስማል፤ የሩቁ ጣቢያ መሰማት የሚጀምረውም ያኔ ነው። የእኛ ሰዓት ከፀሐይ መውጣትና መግባት ስለሚቈጥር «12 ሰዓት» ስንል ሰማዩ ሊለወጥ መቃረቡን እየተናገርን ነው። ጎንደር 37.5 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ስትሆን የአገሩ ሰዓት የተመሠረተው ግን በ45 ዲግሪ መስመር ነውና ፀሐይዋ ከሰዓቱ 30 ደቂቃ ግድም ወደ ኋላ ትቀራለች። ይህን አስቦ ሁለቱንም ሰዓት ጐን ለጐን የሚጽፍ መዝገብ አንዱን ብቻ ከሚጽፈው ይበልጣል።

ሠ. ስለ ሰማዩ የተነገሩ ቃላት

«ሥርጭት» ሦስት ሸክም ተሸክሟል። የጣቢያውን ፕሮግራም መላክ፣ የሞገዱን በሰማይ መጓዝ፣ ከፀሐይ መጥለቅ በኋላ በኤፍ ንብር ላይ የሚታየውን መበተን ሁሉ «ሥርጭት» ማለት ይቻላል። «የሥርጭቱ መበላሸት» ሲባል ማሰራጫው ተሰበረ ወይስ ሰማዩ ታወከ? ለመጀመሪያው «ሥርጭት» ይቆይ፤ ለሁለተኛው «የሞገድ ጕዞ»፣ ለሦስተኛው «የኤፍ ንብር መበተን» ይበቃሉ።

«ጠፈር» በግእዝ የሰማይ ጣሪያ ነው፤ በጎንደር የመጻሕፍት ትርጓሜ ጉባኤ ያደገ ሰው «ከጠፈር ተመልሶ» ሲባል ወዲያው ይገባዋል። ዛሬ ግን ጠፈር ከምድር ከባቢ ውጭ ያለው ባዶ ስፍራ ሆኗል፤ ወደዚያ የሄደ ሞገድ አይመለስም። ቃሉ ለጉዳዩ ተስማሚ የነበረ ቢሆንም ሌላ አገልግሎት ይዟልና እንተወው። «ነጸብራቅ»ም እንደ መስተዋት በአንድ ጊዜ መመለስን ያሳስባል፤ ሞገዱ ግን ውስጥ ገብቶ እየጐበጠ ነው የሚመለሰው። «ታጥፎ መመለስ» ግልጽ ነው። «ፕላዝማ»ን በ1990ዎቹ ዓ.ም. ማገባደጃ የጀመረው የሳተላይት ትምህርት ለተማሪው የቴሌቪዥን ስም አድርጎታልና ፈች ሳይጨመርበት አይጻፍ። ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ የሚባሉትን ንብሮች ደግሞ እንደ ፈተና ጥያቄ «መ፣ ሠ፣ ረ» ማለት አያስፈልግም፤ ኤድዋርድ አፕልተን ያወጡላቸው የተጸውዖ ስሞች ናቸው።

ሊመሰገን የሚገባው ቃል ግን አለ፤ «የገደል ማሚቶ»። እ.ኤ.አ. በ1925 አሜሪካኖቹ ብሬትና ቱቭ የራዲዮ ምት ወደ ላይ ልከው እስኪመለስ ያለውን ጊዜ ለኩ፤ የንብሩም ከፍታ በዚሁ ታወቀ። የስሜን እረኛ ይህን ለመረዳት ብዙ አያስፈልገውም። ከ340 ሜትር ገደል ፊት ቆሞ ቢጣራ ድምፁ በ2 ሴኮንድ ይመለስለታል። የራዲዮ ምት ደግሞ 300 ኪሎ ሜትር ወጥቶ በሴኮንድ 2 ሺኛ ይመለሳል። ጥሪው አንድ፣ ሒሳቡም አንድ ነው፤ ፍጥነቱ ብቻ ይለያያል። «የራዲዮ ማሚቶ» ብንል ባዕድ ነገርን በአገር ልምድ ላይ በትክክል አኖርን ማለት ነው።

ማጠቃለያ

ለተርጓሚውም ሆነ በየትምህርት ቤቱ ክበብ የማዳመጫ ደብተር ለሚያዘጋጀው መምህር የምናቀርበው አንድ የዘገባ አርአያ ነው። «ጎንደር ከተማ፣ ኬ ኬ 82፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ30 ደቂቃ፣ በዓለም አቀፍ ሰዓት 16 ከ30፤ በ7 ሜጋ ኸርትዝ አዲስ አበባን 10 ደቂቃ አዳምጬ አልሰማሁም።» በዚህ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ቦታው፣ ሰዓቱ፣ ሞገዱና የማዳመጡ ርዝመት አሉ፤ አድራጊውም በግሡ ውስጥ ታስሯል። ኢንተርኔት ባይኖር በወረቀት ተጽፎ ይቆያል፤ ዘግይቶም ቢሆን ይደርሳል። ለመላክ ፈቃድና የጥሪ ምልክት የሚያስፈልግ ቢሆንም፣ ይህን ዐረፍተ ነገር ለመጻፍ ዋናው መሣሪያ መቀበያ፣ ትክክለኛ ሰዓትና ሐቀኛ ብዕር ነው።

የስያሜ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚለካው ምን ያህል ዐዲስ ቃል አወጣ ተብሎ ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ ግን ዐዲስ ቃል እምብዛም አላስፈለገንም። «ባለፈቃድ»፣ «ዘገባ»፣ «አዳምጬ አልሰማሁም»፣ «ታጥፎ መመለስ»፣ «ማሚቶ» ሁሉም በእጃችን ነበሩ። የሚቀረው እያንዳንዱን በቦታው ማኖር ነው፤ ከሁሉ አስቀድሞም የሰሜኑን ደጋ ባዶ የሆነ የካርታ ክፍል «አልተሰማም» ብሎ ከመተርጐም መቆጠብ ነው። ትክክለኛው ትርጕም «ገና የዘገበ የለም» የሚለው ነው።